ይድረስ ለክቡር የሰዓት ለውጥ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ በቤተሰባችን ላይ ስለሚያደርሱት እንግልት አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በጅማ ከተማ የምንገኘው ቤተሰብ፣ እርስዎ በየመጋቢቱ ከሚያመጡብን ግርግር በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡናው ደህና ነው፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ ሳይጠራ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ ታናሽ እህቴ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በርሊን ከሄደች ወዲህ ያለ ደመወዝና ያለ አበል የቤቱ ሰዓት አስተካካይ ሆኜ የተሾምሁት ታላቅ ወንድሟ ነኝ።

ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ እርስዎን የማያውቅ የአገሬ ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ በቅድሚያ ማንነትዎን ላስተዋውቅ። እርስዎ አውሮፓውያን ማርች በሚሉት ወር የመጨረሻ እሑድ፣ በእኛ ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የአብዛኛዎቹን የአህጉሩን አገሮች ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፉ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ደግሞ፣ ማለትም ጥቅምት ሲጋመስ፣ መልሰው ወደ ኋላ የሚጎትቱ ታላቅ ባለሥልጣን ነዎት። ሁለቱንም ተግባር የሚፈጽሙት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት በጅማ ነቅተው የሚገኙት ማኅሌት የቆሙ ካህናትና ለሱብሂ ሶላት የሚሰናዱ ጥቂት አባወራዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ሰዓቱን የመረጡት ምስክር እንዳይገኝብዎ አስበው ነው ብዬ ብጠረጥር አይፍረዱብኝ።

የእኛና የእህቴ ቀጠሮ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ይህ ሰዓት እንዲሁ የተመረጠ አልነበረም። እህቴ እሑድ ማታ በአንድ ምግብ ቤት ሳህን ታጥባለች፤ ሥራዋ የሚጀምረው የእነርሱ ሰዓት 16 ሲል ስለሆነ፣ ባቡር ለመያዝ 15 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለባት። ስለዚህ በብርዱ ወራት 14 ሰዓት ላይ፣ እኛ ዘንድ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ምሳዋን በልታ ስልኳን ከሻይ ብርጭቆዋ ጋር አስደግፋ ትጠብቀናለች። በእኛ በኩል እናታችን ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡናውን ቆልተው፣ ጭሱን ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ካዞሩ በኋላ አቦሉን ሊቀዱ ሲሉ ይደወላል። ከዚያም ሲኒውን ወደ ስልኩ አስጠግተው «በይ አሽትቺው ልጄ» ይሏታል፤ እርሷም ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። ሳይንስ የሚለውን ይበል፤ በቤታችን የቡና ሽታ በስልክ እንደሚሄድ የሚከራከር ሰው የለም።

እርስዎ ወደዚህ ሥርዓት የገቡት ሳይጠሩ ነው። እህቴ ከሄደች በኋላ በመጣው የመጀመሪያው መጋቢት፣ ስልኳ በሌሊት ራሱን አስተካክሎ ስላደረ እርሷም ምንም ሳይታወቃት እንደ ወትሮው 14 ሰዓት ላይ ደወለች። በጅማ ግን ገና 9 ሰዓት ነበርና እናታችን ስልካቸውን ቤት ትተው የእድር ስብሰባ ላይ ነበሩ። የሚያነሳላት ስታጣ አንድ ነገር ሆነዋል ብላ እያለቀሰች ወደ ሥራዋ ወጣች። እኛ ደግሞ ቡናችንን አሰናድተን በሰዓታችን ስንደውል፣ እርሷ ከመሬት በታች በሚሄድ ባቡር ውስጥ፣ ስልኳ ቦርሳዋ ሥር ተቀብሮ ነበር። ለቡና የተሰበሰቡት ጎረቤቶቻችን ይህን ክፍተት ባዶ አልተዉትም፤ አንዷ ታማ ይሆናል አሉ፣ ሌላዋ የቪዛዋን ነገር አነሡ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ፈረንጅ አገር የቆየ ሰው እያደር እንደሚረሳ ከዘመዶቻቸው ምሳሌ እየጠቀሱ አስረዱ። ያ ቡና እስከ በረካ ድረስ በዝምታ ተጠጣ። በማግስቱ ነገሩ ሲገለጥ እናታችን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰዓቱን የገፋው ማን ነው? ምን በደልነው?»

ጥያቄው መልስ ስለሚገባው የሥራ ታሪክዎን መርምሬያለሁ። ጀርመን እርስዎን ለመጀመሪያ ጊዜ የሾመችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1916፣ በእኛ ሚያዝያ 22 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ለመብራት የሚነደውን የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ተሰናበቱ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሌላ ጦርነት ሲመጣ ተመለሱ፤ ከ1949 በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ በ1980 ምሥራቁም ምዕራቡም ጀርመን መልሰው ቀጠሩዎ። ከዚያ ወዲህ ወንበርዎን የነካ የለም። ይቆጥባሉ የተባለው ኃይል እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ተናግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ ሲጠየቅ 4.6 ሚሊዮን ያህል ሰው መልስ ሰጥቶ፣ ከመቶው 84ቱ ይሰናበቱልን አለ። በቀጣዩ ዓመት በማርች 26 ቀን የአውሮፓ ፓርላማ በ410 ድጋፍና በ192 ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲያበቁ ወሰነ። ጉዳዩ ወደ አባል አገሮቹ ሲላክ ግን፣ ቋሚ የክረምት (የብርዱ ወራት) ሰዓት ይሁን ወይስ ቋሚ የበጋ (ወደ ፊት የተገፋው) ሰዓት የሚለው ላይ ሊስማሙ ስላልቻሉ እርስዎ በወንበርዎ እንደተቀመጡ ናቸው። እኛ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» የሚለው አሠራር የእኛው ብቻ ይመስለን ነበር። ለዚህ ማጽናኛ ስላበቁን በቤተሰቡ ስም ምስጋና አቀርባለሁ።

እርስዎ የተፈጠሩበትን ምክንያት ጅማ ተቀምጦ ለመረዳት ከባድ ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ ብዙም የማትርቅ ስለሆነች፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ከቤታችን ሲታይ በጅሬን በኩል ብቅ የምትለው ፀሐይ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩም በዚሁ ሰዓት ትወጣ ነበር፤ ዛሬም ሰዓት አክባሪ ናትና የሚገፋትም የሚጎትታትም አላስፈለገም። በርሊን ግን በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል፣ በታኅሣሥ ደግሞ 8 ሰዓት አይሞላም። ይህ ልዩነት የእርስዎ ጥፋት እንዳልሆነ አልክድም። ሆኖም ፀሐይዋ በራሷ እያመሸች ሳለ እርስዎ አንድ ሰዓት ጨምረው እንድታመሽ ማድረግዎ እናትና ልጅን አጣልቷል። በሰኔ አንድ ምሽት እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኖ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እህቴ ስትደውል ከበስተኋላዋ መስኮቱ በብርሃን ተሞልቶ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ መሽቷል አላልሽኝም? ይሄ ከኋላሽ የሚያንጸባርቀው ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ናት እማዬ። 21 ሰዓት ሆኗል፣ ገና አልጠለቀችም።»

እናታችን ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ ልጃቸው ሳትነግራቸው ሌላ አገር ተሻግራለች የሚል ጥርጣሬ ይዟቸው ከረመ። ይህን ጥርጣሬ ለማጥፋት የከፈልኩትን የማብራሪያ ጊዜ በዚህ አቤቱታ ውስጥ እንደ ዕዳ አልቆጠርሁትም፤ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሣ ትቼዋለሁ።

የእህቴን ኑሮ ቢያውቁት ኖሮ አንዲቷን ሰዓት ባልነኩባት ነበር ብዬ አምናለሁ። ያ አገር ለተማሪ ሁሉን በቁጥር ይሰጣል። ቪዛዋን ስታገኝ በዝግ የባንክ ሒሳብ ያስያዘችው 11,904 ዩሮ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በየወሩ የሚለቀቅላት 992 ዩሮ ብቻ ሲሆን ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የሚተርፈውን ለመገመት የሰዓት አስተካካይ መሆን አያስፈልግም። በዓመት እንድትሠራ የተፈቀደላት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፤ ስለዚህ ሳህን የምታጥብበትን ቀን እንደ ጾም ቀን እየቆጠረች ትመዘግባለች። እሑድ ደግሞ በሕንፃው ውስጥ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። ፈተና ማለፏን የነገረችን እሑድ እናታችን እልልታቸውን ሲያቀልጡት በስልክ የተላለፈው ድምፅ ጎረቤቷን ግድግዳ አስደበደበው። በዚህ ሁሉ ጥብቅ ሥርዓት መካከል የተገኘው ብቸኛ ልግስና፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች 10 ሰዓት ይጀምራል የተባለ ትምህርት 10 ከ15 ላይ መጀመሩ ነው። ይህንን ልማድ ማንም ሳያስተምራት ከጅማ ይዛው የሄደች ስለሆነ ቶሎ ለመደችው።

እርስዎ በመጋቢት ሰዓቷን የሚወስዱት ታዲያ ቅዳሜ ማታ ከሥራ መጥታ ገና ጎኗን ስታሳርፍ ነው። ሳይጠይቁ የተበደሩትን ይህን እንቅልፍ ሰባት ወር ይዘው ከቆዩ በኋላ በጥቅምት ያለ ወለድ ይመልሳሉ፤ ያውም በሌሊት፣ እርሷ ተኝታ ሳለች፣ ፊርማ እንኳ ሳይቀበሉ። በዚያች ሌሊት በጉዞ ላይ ያሉ ባቡሮች አንድ ጣቢያ ላይ ቆመው አዲሱ ሰዓት እስኪደርስባቸው እንደሚጠብቁ ሰምቻለሁ። ለባቡር ይህን ያህል የሚታሰብ ከሆነ ለእናታችንም አንድ የማስታወቂያ ደብዳቤ መላክ ባልከበደ ነበር።

እኛ በበኩላችን ለመተባበር ያላደረግነው ጥረት የለም። እናታችን ባዘዙት መሠረት ከሳሎኑ ሰዓት ጎን «የልጄ ሰዓት» የሚባል ሁለተኛ ሰዓት ተሰቅሏል። በጀርመን የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር ፍራንክፈርት አጠገብ ካለችው ማይንፍሊንገን በሬዲዮ ሞገድ እየተነገረው ራሱን ያስተካክላል አሉ። ሞገዱ ጅማ ስለማይደርስ፣ የእኛን የማስተካክለው እኔ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ወጥቼ በጣቴ ነው። የእኛው ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር የሚሄድ በመሆኑ፣ ከእርሷ ቁጥር በክረምታቸው አራት፣ በበጋቸው አምስት መቀነስ የግድ ነው። ሁለቱን ሰዓት የሚያይ እንግዳ የትኛው ነው ትክክለኛው ብሎ ሳይጠይቅ አይሄድም፤ እናታችን ያለማመንታት የልጃቸውን ያሳያሉ። በመጋቢት የሁለቱ አገሮች እውነተኛ የሰዓት ልዩነት ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ሲወርድ «ልጄ በአንድ ሰዓት ቀረበችኝ» ብለው ተደስተው ነበር። በጥቅምት፣ የቡናው ፍሬ ቀልቶ ለቀማው ሲጀመር፣ መልሰው ሲያርቋት ግን ያን ሳምንት ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። በርጩማው ላይ የወጣሁት እኔ እንጂ እርስዎ አልነበሩምና።

ዋናው ችግር ግን እድሩ ነበር። እርስዎ በሥልጣን ላይ በሚቆዩባቸው ሰባት ወራት ውስጥ ስልኩ የሚደወለው 9 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ይህ በወር አንድ እሑድ ከእድራችን ስብሰባ ጋር ይጋጫል። የቀረ ደግሞ ይቀጣል። እናታችን አንድ ሁለት ጊዜ ቅጣት ከከፈሉ በኋላ ጉዳዩን ለእድሩ ዳኛ በቃል አቀረቡ፤ ዳኛውም ለስብሰባው አቀረቡት። ክርክር አልጠፋም። አንድ አባል ለአንዲት ተማሪ ሲባል የእድር ሰዓት ሊነካ አይገባም አሉ። ሌላው ልጃቸው ካናዳ የሚማር በመሆኑ ጥያቄው የሁሉም ቤት መሆኑን አስረዱ፤ ገንዘብ ያዡም ከቅጣት የሚገኘው ገቢ ስለሚቀንስ ታስቦበት ይሁን ብለው ካሳሰቡ በኋላ እጃቸውን አወጡ። ስብሰባው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 8 ሰዓት ላይ እንዲሆን፣ ቶናው ከመቅረቡ በፊት በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ስለሆነም ክቡርነትዎ፣ አንደኛ፣ ወደፊት በመጋቢትም ሆነ በጥቅምት ከመንቀሳቀስዎ በፊት በአሥር ቀን ቅድሚያ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን፤ ሁለተኛ፣ የአውሮፓ አገሮች በእርስዎ ጉዳይ ላይ እንዴት መወሰን እንደሚቻል ተቸግረው ከሆነ እንዲጠቅማቸው በማሰብ፣ የእድራችንን ቃለ ጉባኤ አንድ ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ የላክሁ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ሰዓት አስተካካይ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለእናታችን
ለእድሩ ጸሐፊ
ለእህቴ፣ በርሊን (እሑድ 9 ሰዓት ላይ በቃል የሚነበብላት)