ለክቡር የአስተያየት መስጫ ሣጥን፣ ባሉበት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ሲከፈት ይሰጠዋል
ቀን፦ ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት ይሞላል
ጉዳዩ፦ የሆድዎን ስፋት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቁልፍዎ እንዴት ከረመ? ባለፈው ክረምት በጣሪያው ቀዳዳ የገባው ዝናብ እንዳገኘዎ ሰምቼ አዝኛለሁ። ጎጃም ነውና ሰማዩ ውኃ አይቆጥብም። ደግነቱ የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ እትዬ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ውስጡ የተማሪ ወረቀት ብቻ ነው» ብለው አጽናንተውኛል።

እኔ በጎጃም ምድር ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ወንድሞችዎ በየግቢው አሉና አንዱን ጠርቼ ሌላውን ማስቀየም አልፈልግም። በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ሥራዬ የተማሪን አቤቱታ ሰብስቦ ለሚመለከተው አካል ማድረስ ስለሆነ እኔና እርስዎ ባልደረቦች ነን። የሚመለከተው አካል የሚባለውን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። ሆኖም ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድ በእርስዎ አፍ በኩል እንደሚያልፍ ሁሉም ይነግረኛል። ስብሰባ ላይ እጃችንን ስናወጣ ከመድረክ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ጊዜ የለንም፤ ሣጥን ተዘጋጅቶላችኋል።»

እስቲ ስለ መኖሪያዎ እንነጋገር። የሚኖሩት በአስተዳደር ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኃላፊው ቢሮ በስተቀኝ ነው። አሳንሰር የለም። አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ነው። ወደ ሕንፃው መግቢያ መወጣጫ እንዲሠራለት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ የሕግ አንቀጽ እየጠቀሰ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ማመልከቻውን የሚያስገባበት ሣጥን ያለው ግን መወጣጫ በሌለው ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ለሌላ ተማሪ ሰጠና እርሱ ታች ፀሐይ ላይ ቆየ። መልእክተኛው ወርዶ «ገባ» አለው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ወረቀት የሰማነው የመጨረሻ ቃል ይኸው «ገባ» የሚለው ነው።

ስለ ሁለተኛዋ ጓደኛችንም ላጫውትዎ። ዓይነ ስውር ናት። አቤቱታዋን በብሬል፣ ነጥብ በነጥብ እየወጋች፣ ሁለት ገጽ አድርጋ አቀረበች። የጠየቀችው ፈተና በብሬል ወይም ድምፅ ባለው ኮምፒውተር እንዲሰጣት፣ ካልሆነም የሚያነብላት ሰው ትምህርቱን የሚያውቅ እንዲሆን ነው። አንድ ጊዜ የውጭ ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተብሎ እርስዎ ሲከፈቱ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዘ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ባዶ ወረቀት፣ የተበሳሳ።»

ኮሚቴውን ካነሳን አይቀር፣ እርስዎን ለመክፈት ሦስት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም በሦስት ሰዎች እጅ ነው። ይህ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው ይባላል፤ የተማሪ ሐሳብ በአንድ ሰው እጅ ቢወድቅ አደጋው ብዙ ነውና። ከሦስቱ አንዱ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄደዋል፣ አንደኛዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል፣ ሦስተኛው በዘላቂነት አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ናቸው። በዚያ በተከፈቱበት ዕለት ከወረቀቶቹ ጋር የወደቀ መታወቂያ፣ የከረሜላ ልጣጭና ለአንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ ተገኝቷል። መታወቂያው ለባለቤቱ፣ ደብዳቤውም ለተማሪዋ ደርሷል። ያለ መልስ የቀረው የእኛ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ሕግ የማያውቁ አይመስለኝም፤ በውስጥዎ የተጠቀሰው አንቀጽ ጠበቃ ያወጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምቹ እንዲሆኑ፣ የመማሪያ ክፍል እንዲቀይሩላቸው፣ አማራጭ የፈተና ዘዴ እንዲያዘጋጁላቸው ይላል። ጎን ለጎን ግን አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ማለፊያ ቀዳዳ ትቷል። አቅም ደግሞ የሚፈቅደውን መምረጥ ያውቅበታል። ለግቢው በር ቅስት ፈቀደ። ለውኃ ፏፏቴው ፈቀደ፤ ውኃ ባይኖረውም። በምረቃ ቀን ለተከበሩ እንግዶች ለሚነጠፈው ቀይ ምንጣፍ በየዓመቱ ይፈቅዳል። ሁለት ሜትር ሲሚንቶ ሲጠየቅ ብቻ አቅም ይደክመዋል።

ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር «አሁንስ ሁሉም እኩል ሆነ» ተባለ። እኩልነቱን ልንገርዎ። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ማለፊያው 50 ነው። ያቺ ጓደኛችን በሙከራ ፈተናው ላይ የተመደበላት አንባቢ ቅን ልጅ ነበር፤ በዚህ አላማውም። ከማያ ገጹ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከዚህ በላይ ያለውን ሥዕላዊ መግለጫ ተመልከቺና መልሺ» ብሎ አነበበላት። እርሷም «ተመልክቼዋለሁ፣ ቀጥል» አለችው። ይህችን ልጅ የሚጥል ፈተና ምኑን እንደለካ የሚያስረዳኝ ሰው ብፈልግ አጣሁ።

ከእርስዎ ዘንድ መድረስ ያልቻሉም አሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። ኩረጃው መቆም ነበረበት፤ በዚህ አልከራከርም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ጉድ እናውቃለን። ነገር ግን በእኛ ምድር ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ የስንቱ ትምህርት ቤት በር ተዘግቶ ከረመ? መምህሩ የሸሸበት፣ ቤተ ሙከራ በሥዕል እንጂ በአካል ያላየ፣ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት የገጠር ልጅ ወላጆቹ አስጠኚ ከቀጠሩለት የከተማ ልጅ ጋር በዚያችው በ50 ይለካል። ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአካል ጉዳተኞች በምደባ ጊዜ የተለየ ነጥብ ማውጣት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ለተዘጋበት ልጅ የሚታሰብለት ነገር ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ጽፈን ወደ እርስዎ ያስገባነው ከእነዚያ ልጆች ጋር በአንድ አዳራሽ ተፈትነን፣ እኛ አልፈን እነርሱ የቀሩብን ተማሪዎች ነን። እነርሱ ራሳቸው እንዳይጽፉ የግቢው ጥበቃ መታወቂያ ይጠይቃል።

ስለ ገንዘብም ትንሽ ልበል። የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ጭብጨባው ደብረ ማርቆስ ተጀምሮ ባሕር ዳር ድረስ ተሰምቷል። በኋላ ነው የወጪ መጋራት ውሉ ትዝ ያለን። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት አሠራር የምግቡና የመኝታው ወጪ ተመራቂው ላይ የሚቆጠር ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ያጨበጨብነው ለራሳችን ዕዳ ነው። የነጋዴ ልጅም የሁለት ጥማድ ገበሬ ልጅም በአንድ ቅጽ ላይ እኩል ይፈርማሉ። ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለው፤ ቀድሞ የሚከፍለው ማን እንደሆነ እርስዎም አይጠፋዎትም። ድሃው ዕዳውን እስኪከፍል ዋናው ዲግሪው ይያዝበታል፤ ሥራ ሊቀጥረው የፈለገው ደግሞ ዋናውን ዲግሪ አምጣ ይለዋል። ዕዳው በቤተሰብ ገቢ ልክ ይሁን ብለን ጽፈናል። እርስዎ ውስጥ ነው፤ ከታች፣ ዝናቡ ያገኘው ክፍል ውስጥ።

ሴት ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት እስከ ማደሪያው ያለው መንገድ መብራት እንዲገባለት ጽፈው ነበር። ለዚህ እንኳ መልስ መጥቷል፦ በጊዜ ግቡ።

ዘመዶቻችን አቤት ማለትን ያውቁበት ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ሲገዙ ደጅ የጠና ሰው ቢረታም ባይረታም የሚፈርድበትን ሰው ፊት ያይ ነበር። የእኛ ታላላቆች ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ በ1966 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ከመምህራን ጋር ሆነው ተቃውመው ሲያሳግዱ፣ ሣጥን አልፈለጉም። ከዚያ በኋላ የሆነውንና የዚያን ትውልድ ዕጣ ስለምናውቅ እኛ ጩኸት አንወድም፤ በጽሑፍ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። እርስዎን የፈለሰፈው ሰው ይህን ፍርሃታችንን ጠንቅቆ የተረዳ ይመስለኛል። አደባባይን በካርቶን መጠን ቀንሶ፣ ቁልፍ አበጅቶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰቀለልን።

ደግሞ በየት አገር ነው የተሰቀሉት? ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር! በቅኔ ቤት ተማሪው ጫካ ገብቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው፣ በጓደኞቹ ፊት፣ ይኸ ተበላሸ፣ ይኸ ያዘ ይለዋል። «ሐሳብህ ተመዝግቧል» ብሎ የሸኘ የቅኔ መምህር አልሰማሁም። ልጁ ለምኖ አዳሪ ይሁን የባላባት ልጅ፣ ደበሎ ይልበስ ጋቢ፣ ቅኔው ነው የሚታየው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚሁ በጎጃም ምድር የቅኔ መምህር ነበሩ። ሴት ነበሩ፤ ዓይነ ስውርም ነበሩ። ወንዶቹ ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የቅኔ ቤቱ ለሴቶች ብዙ በር ከፍቷል ልል አልችልም፤ እርሳቸውን የመሰሉ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ዛሬ እማሆይ ወደ እኛ ግቢ ቢመጡ ምን እንደሚሉአቸው አስቤዋለሁ፦ «እማማ፣ ፎርሙን ሞልተው ሦስተኛ ፎቅ ሣጥኑ ውስጥ ይክተቱት።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በጡረታ እንዲሰናበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰባብሮ ማቃጠል ነውር ነው፤ እንጨትዎ ጥሩ የዋንዛ እንጨት ነው። የግብርና ኮሌጁ ለዘመናዊ ቀፎ ሣጥን ሲፈልግ ሰምቻለሁ። ቀዳዳዎ ለንብ ልክ ነው። በጎጃም ቀፎ ሆኖ የሚያፍር የለም፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከፈታሉ፣ የከፈተዎም ሰው ማር ይዞ ይወጣል።

በእርስዎ ምትክ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በሴኔቱ ለተማሪ ተወካይ የሚሰጠው ወንበር ከኋላ ረድፍ ወደ ጠረጴዛው ይቅረብ፤ ተወካዩም አጀንዳውን ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ቀድሞ ይየው። የቀረበ ጥያቄ ሁሉ የደረሰበት ቀን፣ የመለሰው ሰው ስምና መልሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። መልሱ «አይሆንም» ከሆነም «አይሆንም» ተብሎ ከነምክንያቱ ይለጠፍ፤ ያን ይዘን የምንሄድበት ሌላ ደጅ አናጣም። የመውጫ ፈተናም ሆነ የወጪ መጋራት መመሪያ ሲሻሻል ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ይድረሰን፤ በብሬልም ጭምር። ስብሰባውም ምድር ቤት ይሁን።

ከማይመለስ ሰላምታ ጋር
አንድ ባልደረባዎ

ግልባጭ፦
ለሣጥን መክፈቻ ኮሚቴ፣ ሦስቱ ቁልፎች አንድ ላይ በተገናኙ ጊዜ
ለሕንፃ ጥገና ክፍል፣ የአንድ መወጣጫ ንድፍ ተያይዟል፤ የሳለው የሕግ ተማሪው ነው
ለግብርና ኮሌጅ፣ ንቦቹን እንዲያዘጋጅ
ለንብረት ክፍል፣ ሣጥኑ ለቀፎነት ሲተላለፍ የንብረት ወጪ ደረሰኝ ሞዴል 22 እንዲቆረጥለትና በውስጡ ያሉት ወረቀቶች በቁጥር ተለይተው ለተማሪዎች ኅብረት እንዲረከቡ፤ «ባዶ» ተብለው የተመዘገቡት ሁለቱ ጭምር