ቅጣቱ ከጉቦ ሲረክስ

«ውሻ ከውሻ ቢናከስ ሰው ምን ቤት ነው?» አሉ ጡረተኛው ጋሼ፣ ስኒያቸውን እያስቀመጡ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች የጀበና ቡና ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች ነን። ወሬውን ያመጣው ውሻ እያራባ የሚሸጠው ልጅ ነው። አንድ ወጣት ፒትቡል ሊገዛ መጣ። ግቢ ይጠብቃል ወይ፣ ጅብ ይመልሳል ወይ ብሎ አልጠየቀም። «ሌላ ውሻ ይጥላል?» ነው ያለው። ውሻ የማዋጋት ውርርድ እንዳለበትም አልደበቀም። ልጁ አልሸጠለትም። «ግን ሌላ ጋ ሄዶ ይገዛል፤ ማን ይከለክለዋል?» አለን።

«ሕጉ ይከለክለዋል» አለች የሕግ ባለሙያዋ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 813 በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ይቀጣል። «ችግሩ የተቀመጠው ደንብ መተላለፍ በሚባሉት ቀላል ጥፋቶች ውስጥ ነው። እዚያ መቀጮው በመደበኛው ከ1 እስከ 300 ብር ነው። እስሩም ቢበዛ 3 ወር።»

ሳቅን። በ300 ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም።

ጋሼ አልሳቁም። «እኛ እረኛ ሆነን ኮርማ እናዋጋ ነበር። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ያይ ነበር። ማን አሰረን?»

መልሱ ከውሻ ሻጩ መጣ፤ እኔ ከሕግ ባለሙያዋ ነበር የጠበቅኩት። «ጋሼ፣ ኮርማ ሲሸነፍ ይሸሻል። ሜዳው ክፍት ነው፣ ማንም አይዘውም። ውሻዎቹን ግን አጥረው ነው የሚያጋጥሟቸው። ልሽሽ ቢል መውጫ የለውም፤ ቢያፈገፍግ ባለቤቱ መልሶ ይለቀዋል። አንዳንዱ ግጥሚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። የተረፈ የመሰለውም በማግስቱ ደሙ አልቆ ወይም ቁስሉ አመርቅዞ ይሞታል።» ጋሼ ዝም አሉ። የተስማሙ ግን አይመስለኝም።

የሚኒባስ ሹፌሩ በሌላ በኩል ገባ። «እሺ፣ አምስት ዓመት አድርጉት። ቅጣቱ ሲጨምር የሚጨምረው ጉቦው ነው። ደግሞስ የሰው ጉዳይ አልቆ ነው ወደ ውሻ የተዞረው?»

የሕግ ባለሙያዋ ይሄን ስትሰማ አሜሪካን አነሳች። ማይክል ቪክ የሚባል የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ነበር፤ የ10 ዓመት ውሉ 130 ሚሊዮን ዶላር። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ግቢ ውሻ ያዋጋ ነበር። ተዋግተው የማያዋጡትን እሱና ጓደኞቹ አንቀውና ውሃ ውስጥ ደፍቀው ገደሏቸው። በ2007 የ23 ወር እስር ተፈረደበት። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ቅጣት ጣሪያ 3 ዓመት ሆነ፣ በቀጣዩ ዓመት 5። በ2014 ደግሞ ቆሞ የሚያየውም እስከ 1 ዓመት እንዲታሰር ተደረገ፤ ከ16 ዓመት በታች ልጅ ይዞ የሄደ እስከ 3 ዓመት። እንግሊዝም ቢሆን ነገሩን የከለከለችው በ1835 ሆኖ ሳለ የእስሩ ጣሪያ ከ6 ወር ወደ 5 ዓመት ያደገው በ2021 ነው። (ቀኖቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቪክ ከእስር ወጥቶ ተመልሶ ተጫውቷል አይደል?» አለ ሹፌሩ።

«ተጫውቷል። ቅጣቱን ጨርሶ ነዋ!»

ሁላችንንም ያስቆመችን ግን ቡና የምታፈላልን እህታችን ናት። ልጇን ውሻ ነክሶት ፓስተር እየተመላለሰች አስከትባዋለች። «እናንተ ስለ ውሻው ታወራላችሁ። የተሸነፈው ውሻ ማታ የት ያድራል? ሜዳው ላይ ነው የሚጥሉት። ልጆቻችን የሚጫወቱት እዚያው ነው።» እውነቷን ነው። በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በሽታው ከውሻ ወደ ውሻም በንክሻ ይሄዳል። ሁለት ያልተከተቡ ውሾችን አፍ ለአፍ ማጋጠም ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ። ሹፌሩ ስለ ጉቦ ያለው ባዶ ወሬ አይደለም፤ ግን በየትኛውም ሕግ ላይ ሊባል ይችላል። 300 ብር የሚያስቀጣ ጥፋት ደግሞ ጉቦም አያስፈልገውም፤ ቅጣቱ ራሱ ከጉቦ ይረክሳል። ለዚህ ሲል ሌሊት ተነስቶ አጥር የሚዘል ፖሊስ አልጠብቅም። ስለዚህ ውሻ ማዋጋት ከደንብ መተላለፍ ወጥቶ ተራ ወንጀል ይሁን፤ እስሩም በዓመት ይቆጠር።

ግን አዋጊው ላይ ብቻ ከቆመ ግማሽ ሥራ ነው። ውሻ የሚያዋጋ ሰው የሚያዋጋው ከቦ ብር የሚያስይዝ ስላለ ነው። ተወራራጁ ይጠየቅ፣ የተያዘውም ብር ይወረስ። ከፍሎ የገባ ተመልካችም በነጻ አይሂድ። ልጅ ይዞ የመጣውን እኔ ከተወራራጁ ለይቼ አላየውም።

ውሻ ሻጩ ሊሄድ ሲል የጠየቀው ጥያቄ ከባድ ነው፦ ፖሊስ ውሾቹን ቢይዝ የት ያስቀምጣቸዋል? ከተማችን ባለቤት አልባ ውሻን በመርዝ ስትቀንስ ነው የምናውቃት። ከማይክል ቪክ ግቢ የተያዙት ወደ 50 የሚጠጉ ውሾች ግን አብዛኞቹ ተርፈዋል። ሰው ወስዶ ያሳደጋቸው አሉ። ለእንክብካቤያቸውም ቪክ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተደርጓል። እኛም ጋ ቀለቡን፣ ክትባቱንና የእንስሳት ሐኪሙን አዋጊው ይክፈል። የለኝም ካለ ከውርርዱ የተወረሰው ብር መጀመሪያ ለዚያ ይዋል።