የቻናል ሠንጠረዡ ሳይሰጠን ክፍያ አይፈጸም

ለደሴና ለኮምቦልቻ አምቡላንስና እሳት አደጋ አንድ የጋራ ትራንክድ ራዲዮ (ክፍሎች ሁሉ ጥቂት ቻናሎችን በተራ የሚጋሩበት) ይገዛ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ከልባቸው ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ደስታዬ የደበዘዘው በቅርቡ ኮምቦልቻ ላይ በተደረገው የጨረታ ሰነድ ውይይት ነው። ሰነዱ ውስጥ የክትትል ሶፍትዌር (የራዲዮ ጥሪዎችን ተከትሎ የሚሰማና የሚመዘግብ)፣ ሶፍትዌሩ ከራዲዮው ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጥ ፍተሻ እና የተከላ ሥልጠና የሚሉ ሦስት መስመሮች ነበሩ። ሦስቱም ተሰረዙ። ሰብሳቢው ያቀረቡት ምክንያት ሶፍትዌር ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል፣ ላፕቶፕ ያለው ልጅ በግማሽ ቀን ይጭነዋል፣ ለዚህ የሕዝብ ገንዘብ አይወጣም የሚል ነበር። አንድም ሰው ተነስቶ እንዴት ሆኖ አላለም። እኔም ዕድል ስላልደረሰኝ እዚህ እጽፋለሁ፤ ርዕሱ ላይ ያልኩት ሠንጠረዥ፣ የትኛው የቻናል ቁጥር የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሆነ የሚያሳየው፣ የነገሩ ሁሉ ዋና ነው።

በነፃ ይወርዳል? አዎ፣ ይወርዳል። ኤስዲአርትራንክ የሚባለው በነፃ ይገኛል፣ እኔም ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ከራዲዮ ዓይነቶች ፒ25ን ይፈታል (የሚሰማና የሚነበብ ያደርገዋል)፣ ዲኤምአርን ይፈታል፣ የድሮውን ኤምፒቲ 1327ንም ይፈታል። ቴትራ የሚባለውን ዓይነት ግን አይፈታም። ጨረታውን ያሸነፈው አቅራቢ ቴትራ ይዞ ቢመጣ ያ በነፃ የወረደ ሶፍትዌር እስከ ዘላለም ቢከፈት አንዲት ቃል አያሰማም። ሰነዱ ደግሞ የትኛው ዓይነት ራዲዮ እንደሚገዛ ለአቅራቢው ምርጫ ትቶታል! ምን እንደሚገዛ ሳያውቁ ከሚገዛው ጋር የሚስማማውን በነፃ አገኛለሁ ማለት የጫማውን ቁጥር ሳያውቁ ካልሲ እንደመግዛት እንኳ አይደለም፤ እግሩ የማን እንደሆነ ሳያውቁ ነው።

በግማሽ ቀን ይጫናል ለሚለውም መልስ አለኝ። ሞገዱን ለሶፍትዌሩ የምትቀበለውን ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ ዊንዶውስ ላይ ሲሰኩ ኮምፒውተሩ የቴሌቪዥን መቀበያ ናት ብሎ የራሱን ድራይቨር ይጭንባታል፤ ያንን አንስቶ ትክክለኛውን መተካት ያስፈልጋል። ፍሪኩዌንሲ የምትለካበት ክሪስታሏ ከተባለው ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ፈንጠር ትላለች፤ በ450 ሜጋኸርዝ ላይ የ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሃያ) ስህተት 9 ኪሎኸርዝ ማለት ነው፣ የቻናሉ ጠቅላላ ስፋት ደግሞ 12.5 ኪሎኸርዝ ነው። ሳይስተካከል የቀረ እንደሆነ ጎረቤት ቻናል ላይ ተቀምጦ ዝምታ ሲያዳምጥ ይውላል። የድምፅ መፍቻው ክፍል በፓተንት ጉዳይ የተነሳ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ አይመጣም፣ ለብቻው ተዘጋጅቶ መግባት አለበት፤ ካልገባ ማያው ላይ ቁጥር ይሯሯጣል እንጂ ድምፅ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው ራሱን አስነስቶ ወደ ሥራው እንዲገባ ካልተደረገም ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ያድራል፤ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለደሴ ሰው አልነግርም።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ነው። ትልቁን ለማስረዳት ደሴ ፒያሳ ታክሲ ተራ ልውሰዳችሁ።

በድሮው አሠራር እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቻናል ነበረው። አምቡላንስ አንድ፣ እሳት አደጋ አንድ፣ ውሃ አንድ። እያንዳንዱ ሰፈር የግሉ ሚኒባስ እንደነበረው ቁጠሩት፦ የአንዱ ተጨናንቆ ሕዝቡ ሲጋፋ የሌላው ባዶውን ቆሞ ይውላል። ትራንክድ የሚባለው ራዲዮ ሚኒባሶቹን ሁሉ አንድ ተራ ላይ ያሰልፋቸውና ተራ አስከባሪ ያቆምላቸዋል። ኮንትሮል ቻናል የሚባለው እሱ ነው። አንድ የአምቡላንስ ሹፌር የራዲዮውን ቁልፍ ሲጫን ራዲዮው መጀመሪያ ተራ አስከባሪውን ይጠይቃል፤ ተራ አስከባሪው የአምቡላንስ ቡድን ሦስተኛዋ ላይ ውጡ ይላል፤ የቡድኑ ራዲዮዎች ሁሉ በቅጽበት ወደ ሦስተኛዋ ይዞራሉ። ንግግሩ ሲያልቅ መኪናዋ ተመልሳ ተራ ትይዛለች። የሚቀጥለው ጥሪ ሁለተኛዋ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ አምስተኛዋ። አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተተክሎ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው የአንዱን ዓረፍተ ነገር ራስ ከሌላው ጅራት ጋር ነው።

የክትትል ሶፍትዌር ሥራ እንግዲህ ተራ አስከባሪው አጠገብ ቆሞ ያለውን ሁሉ መስማት፣ ማን ወደየትኛዋ እንደወጣ መመዝገብና ተከትሎ መቅዳት ነው። እዚህ ጋ ነው የተሰረዙት መስመሮች የሚያንገበግቡት። ፒ25 በሚባለው ዓይነት ኮንትሮል ቻናሉ የመነሻውን ፍሪኩዌንሲና በቻናሎች መካከል ያለውን ርቀት ራሱ ያሰራጫል፣ ሶፍትዌሩ አስልቶ ይደርስበታል። በዲኤምአር ግን ተራ አስከባሪው በአብዛኛው የሚጠራው ቁጥር ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ውጡ ይላል፤ ሦስተኛዋ የትኛዋ ናት? ሰሌዳዋን አይናገርም። ራዲዮዎቹ ያውቃሉ፣ አቅራቢው ፕሮግራም ሲያደርጋቸው አስገብቶላቸዋል። ሶፍትዌሩ አያውቅም። የትኛው የቻናል ቁጥር የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሆነ የሚያሳየው አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በእጅ ካልገባለት ጥሪ እንደተደረገ ያያል እንጂ ጥሪውን ተከትሎ መሄድ አይችልም። ዲኤምአር ነው መባሉ ብቻም አያድንም፤ በዚያ ስም ስር አምራቾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የትራንኪንግ ዘዴ ይሸጣሉ፤ የአንዱ ተራ አስከባሪ የሚናገረውን ሌላው አይሰማም።

ይህን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ድርጅት እንዲህ ዓይነት ራዲዮ ተገዛ፣ ተመረቀ፣ ክፍያው ተጠናቀቀ። ሠንጠረዡን ስንጠይቅ አቅራቢው የእኔ ንብረት ነው አለ። በገንዘባችን የገዛነው ራዲዮ፣ በስማችን የወጣ ፈቃድ፣ ፍሪኩዌንሲው ግን ምስጢር! ባልደረባዬን ግቢው ጫፍ አቁሜ እሱ የራዲዮውን ቁልፍ እየተጫነ ይለቅቃል፣ እኔ ማያው ላይ የትኛው መስመር እንደበራ እያየሁ እጽፋለሁ፤ በስንት ምሽት ሠንጠረዡን አንድ በአንድ ለቀምነው። ከዚያ አቅራቢው ሳይነግረን ለጥገና ብሎ ሁለት ቻናል ቀየረ፣ የለቀምነው ሁሉ ከንቱ ሆነ። በማግስቱ ጭነት የያዘ መኪና ጠርቶ መልስ አጣሁ ሲል መጥራቱንም አለመጥራቱንም የምናረጋግጥበት መዝገብ አልነበረንም። ሹፌሩ ተቀጣ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ጭነት በአምቡላንስ ይተካ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች፣ በመካከል የሐረጎ ተራራ አለ። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው የራዲዮ ሞገድ እንደ ሰው ጠመዝማዛውን ተከትሎ እንደማይወርድ ይገባዋል፤ ተራራ ሲያጋጥመው ይቀራል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ጣቢያ መቆም አለበት፣ ከኮምቦልቻ ወላድ ይዞ ወደ ደሴ ሪፈራል የሚወጣ አምቡላንስ መንገድ ላይ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይሻገራል። በየትኛው መታጠፊያ ላይ ጠፋ? ስንት ደቂቃ ቆየ? የላይኛው ጣቢያ መዘገበው ወይስ ሳይመዘግበው ቀረ? ይህን የሚመልሰው የኮንትሮል ቻናሉ መዝገብ ብቻ ነው፣ መዝገቡን የሚይዘው ደግሞ በሁለቱም ከተሞች መቀበያ ያለው ሶፍትዌር ነው። ደሴ ላይ አንድ ላፕቶፕ አስቀምጦ የኮምቦልቻን ጣቢያ ማዳመጥ አይቻልም። ሰብሳቢው ያሉት ልጅ የትኛው ከተማ ሊቀመጥ ነው?

ክትትል ስለላ ነው ያሉም ነበሩ። ይህ ክርክር መልስ የሚገባው አይደለም፣ ግን ልስጥ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን የግል ግንኙነት ይጠብቃል፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ የሌላውን ግንኙነት መጥለፍ ወንጀል ነው ይላል። ይገባልም። እኛ የምንለው ባለቤቱ የራሱን የሥራ ራዲዮ፣ ለሥራ ብቻ የሚነገርበትን፣ ሠራተኞቹ እያወቁ ይመዝግብ ነው። ራዲዮው በምስጢር ቁልፍ ቢቆለፍ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል፦ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? በአቅራቢው እጅ ከሆነ የአምቡላንሶቻችንን ንግግር ከባለቤቱ ይልቅ ሻጩ ይሰማዋል ማለት ነው። ስለላ የሚያሰጋው ሰው ስለዚያ ይናገር።

ገንዘብ የለም ለሚለው ብቻ አንገቴን እደፋለሁ፣ እውነት ነው የለም። ግን ሠንጠረዡ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የምጠይቀው እነዚያ ሦስት መስመሮች ይመለሱና በአራተኛ መስመር የቻናል ሠንጠረዡ፣ የጣቢያዎቹ መለያ፣ የጥሪ ቡድኖቹ ዝርዝርና የምስጢር ቁልፉ ለገዢው ይሰጡ፣ ለውጥ ሲደረግም አዲሱ በዕለቱ ይሰጥ ተብሎ እንዲጻፍ ነው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ በጦርነቱ ስልክ ጠፍቶ ሰው ዘመዱን በየት በኩል እንደሚፈልግ ያጣበትን ጊዜ እዚህ ከተማ የኖረ ያስታውሳል፤ ያኔ አዲስ አበባ ላለ አቅራቢ ደውሎ ሠንጠረዥ መጠየቅ አይታሰብም ነበር።

ርክክቡም ቢሮ ውስጥ በፊርማ አይሁን። አንድ አምቡላንስ ከፒያሳ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ ይሂድ፣ በየመታጠፊያው ይጥራ። ሁለቱም ከተሞች ላይ የራሳችን ባለሙያዎች ራሳቸው የጫኑት ሶፍትዌር ላይ ጥሪው አንድ በአንድ ይታይ፣ ይሰማ፣ ይመዝገብ። የጎደለ ጥሪ ካለ አቅራቢው ያስተካክልና መኪናው እንደገና ይውረድ። ቼኩ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው።