ማስተካከያ፦ «ሳይነስ ሲቆይ ካንሰር ይሆናል» ስለተባለው

ባለፈው ስለ አፍንጫ አካባቢ ካንሰር በወጣው ጽሑፍ ላይ «ሳይነስ ካልታከመ ወደ ካንሰር ተለውጦ ዓይን ያጠፋል» የሚል ነበር። ልክ አይደለም። ብርድ ሲመጣ ብዙዎቻችን ላይ የሚነሳው ሳይነስ ሌላ፣ ካንሰሩ ሌላ ነው። የሚመሳሰሉት በመነሻ ምልክታቸው ነው፤ አፍንጫ መታፈን፣ ንፍጥ፣ ራስ ምታት። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚታወቀውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ዓይን ጋ እንዴት ይደርሳል? ዓይንን ከአፍንጫ ጎን ካሉት ትንንሽ የአየር ክፍተቶች የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ የተገለጸው ስነክ (SNUC) የተባለው የዚህ ካንሰር ዓይነት ደግሞ ፈጥኖ ያድጋል። አጥንቱን ጥሶ ዓይንን ወደ ውጭ ይገፋል። ያኔ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ዓይን ያለማቋረጥ ያነባል። የእይታ ነርቭን ከተጫነ ማየት ይቀንሳል።

በዚያው ጽሑፍ ስለ ቀዶ ጥገናው «ዓይኑ መውጣቱ አይቀርም» የተባለውም ተጋኗል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ጨረርና ቀዶ ጥገና ተቀናጅተው ዓይን የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ጨረሩ ራሱ ግን እይታን ሊጎዳ ይችላል፤ ይሄ ጭራሽ አልተነሳም ነበር።

ሳይነስ ያለበት ሁሉ አይደንግጥ፤ ካንሰሩ እምብዛም አያጋጥምም። በአንድ ወገን ብቻ አፍንጫው ታፍኖ ሳምንታት የቆየ፣ ከዚያው ወገን የሚነስረው ሰው ግን አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ እየገዛ አይሰንብት። የአንገት በላይ ሐኪም በካሜራ አይቶ ናሙና ይውሰድለት። ዓይኑ ፈጠጥ ካለ ወይም ማየት ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይሂድ።