ማስተካከያ፦ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፓርክ በከተማው ውሳኔ ብቻ አይሸጥም

እዚህ ቦስተን አካባቢ "ከተማው ከፈለገ ፓርኩን ለሪል እስቴት ይሸጠዋል፣ በመሬት መዝገብ ላይ ክልከላ ካልተጻፈበት ደግሞ ማንም አያስጥለውም" የሚል ፖስት ብዙ ሰው ሼር እያደረገው ነው። ሁለቱም ልክ አይደለም።

በ1972 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንቀጽ 97 ላይ እንደተጻፈው፣ ለፓርክ ወይም ለተፈጥሮ ጥበቃ የተያዘ የሕዝብ መሬት ለሌላ ነገር እንዲውል የግዛቱ ሁለቱም ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ያውም ማን ደገፈ ማን ተቃወመ ተብሎ ተመዝግቦ፣ ሕግ ማውጣት አለባቸው።

የመዝገቡን ነገር ደግሞ የግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት በ2017 መልስ ሰጥቶበታል። ዌስትፊልድ ከተማ ክሮስ ስትሪት የሚባለው የልጆች መጫወቻ ላይ ትምህርት ቤት ልትሠራ ስትል ነዋሪዎች ከሰሷት፣ መዝገብ ላይ ክልከላ ባይኖርም ከተማዋ ለቦታው የፌዴራል ገንዘብ መቀበሏ መሬቱን ለመናፈሻነት እንደሰጠችው ያሳያል ተብሎ ነዋሪዎቹ አሸነፉ፤ በጣም ትልቅ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ "አልቆለታል" ብላችሁ ስብሰባ የተዋችሁ እባካችሁ ተመለሱ፣ ለግዛት ተወካያችሁም ደውሉ፣ የመጨረሻው ድምፅ እዛ ነው ያለው።