እሰይ፣ ሳሎን ውስጥ ምጣድ ተጣደ!

ድሬዳዋ ላይ መስታወታም ቪላ የምታቆሙ ወገኖች፣ ምስጋና ሲያንሳችሁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ፣ በነሐሴ ጋቢ ደርቦ ለሚቀመጥ የአዲስ አበባ ሰው የተነደፈን ፕላን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ 1,200 ሜትር ላይ አውርዶ መትከል ቀላል ድፍረት አይደለም። ቦሌ ላይ ያ ቤት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አስገብቶ ቤተሰቡን ያሞቃል። እናንተም ጋ ያሞቃል። ምን አጠፋ?

ከሁሉ የሚደንቀው የመስታወቱ አቅጣጫ ነው። ግቢው ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኘው በምዕራብ ከሆነ ሳሎኑም ወደ ምዕራብ፣ መስታወቱም ወደ ምዕራብ። አላፊ አግዳሚ እንዲያየው የተሠራውን ፀሐይም ብታየው ምን ይላል? እስቲ እናስላው። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ተራ ነጠላ መስታወት፣ 6 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው፣ ጥርት ባለ ቀን 10 ሰዓት ላይ ወደ 3 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ያስገባል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚፈጀው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ሽርጡን አገልድሞ ለበርጫ ጋደም ባለ ቁጥር አጠገቡ የጋለ ምጣድ ተጥዶለታል፤ የጎደለው ሊጥ ብቻ ነው። ምጣዱን ለማውጣት ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ይገዛል። ኤሲው 3.5 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ሲያወጣ ከ1 ኪሎዋት በላይ መብራት ይበላል። ያ ሁሉ ለአንዱ መስታወት ነው፤ ጣሪያው፣ ግድግዳውና እንግዶቹ ገና ተራ እየጠበቁ ናቸው። በነፃ የገባን በቆጣሪ ማስወጣት፣ ይህ ነው ቸርነት!

ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ድርብ መጋረጃ ይሰቀላል። መስታወቱን አልፎ የገባው ፀሐይ መጋረጃው ላይ ያርፋል፣ መጋረጃው ይግላል፣ የጋለው መጋረጃ በተራው ክፍሉን ያግላል። ጥላውን ከመስታወቱ ውጭ ቢሰቅሉት ሙቀቱ ሳይገባ እዚያው በቀረ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ብር በተሠራ ቪላ ላይ ሰሌን ተንጠልጥሎ ዘመድ ቢያይ ምን ይባላል?

አንዳንድ ምቀኛ ባለሙያ አለ፤ «ረጅሙን ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስተኙት፣ መስኮቶቹን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩ» የሚል። ድሬዳዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በታኅሣሥ 33 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ብቻ ነው ከአናት ዘንበል የምትለው። ስለዚህ 1.2 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት፣ ከአናቱ ላይ በደቡብ 1.1 ሜትር፣ በሰሜን 50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ቢወጣለት ከጧቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ አታገኘውም። በጎን የምትመጣዋን የማለዳና የማምሻ ፀሐይ ግን ክፈፍ አይመልሳትም፤ እሷ የምትፈራው ድፍን ግድግዳ፣ ጥልቅ በረንዳና ዛፍ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ከዚራ የተባለውን የድሬዳዋ ሰፈር የሠሩት ሰዎች ኤሲ ስላልነበራቸው በወፍራም ግድግዳ፣ በረጅም ኮርኒስ፣ በበረንዳና በዛፍ ጊዜያቸውን አባክነዋል። ነፍስ ይማር።

ጣሪያውስ ቢሆን! ፋሽኑ ቆርቆሮውን በፓራፔት፣ ማለትም ከጣሪያው ጠርዝ ሽቅብ በሚወጣ አጭር ግድግዳ፣ መደበቅ ነው። ፓራፔት ሲመጣ ክፈፉ ይቀራል፤ ክፈፉ ሲቀር ግድግዳው ራቁቱን ይቆማል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየርም መውጫ ያጣል። ውስጥ የተደበቀው አሸንዳ ቅጠልና አቧራ ሞልቶት፣ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ውኃውን ወደ ኮርኒሱ ይልከዋል። ቆርቆሮው ደግሞ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ኢጋ መሆን አለበት፤ ነጭ ማን ይገዛል? ጠቆር ያለ ቆርቆሮ በቀትር 60 እና 70 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከሥሩ ያለው ስስ ኮርኒስ ያንን ተቀብሎ አናት ላይ ያወርደዋል። በሁለቱ ጫፎች፣ ከቁንጮው ሥር፣ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ቀዳዳ፣ ከታች በክፈፉ በኩል ሌላ መግቢያ ቢተው የጋለው አየር በራሱ ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ ዋጋው የአንድ ሜትር ሽቦ ነው። ርካሽ ስለሆነ ማንም አያከብረውም።

ብሎኬቱ ግን ሰዓት አክባሪ ነው። ባለ 20 ሳንቲው ብሎኬት ውጭ የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ለማድረስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። ቀን 9 ሰዓት ላይ የቀመሰውን፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ልክ አልጋ ስትዘረጉ ያቀርብላችኋል። ያኔ ሌሊቱ ውጭ ቀዝቅዟል፤ መስኮት ከፍቶ ማስገባት ነው። ተንሸራታቹ አሉሚኒየም ግን ቢከፈትም ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ለጌጥ። በዚያ ላይ ከትይዩ ግድግዳ መስኮት ስለሌለ ነፋሱ መውጫ ያጣና ደጅ ላይ ቆሞ ይመለሳል። የወባ ትንኝ መረብም አልተገጠመም፤ ጣሪያው ላይ ክዳኑ የጠፋው ሮቶ ግን እንቁላሏን ተቀብሎ ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን በወባ ያመሰችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ የውኃ ማጠራቀሚያ ወዳጅ ናት። (ጥቁር ሮቶ በፀሐይ መሐል ማስቀመጥም ሌላ ጥበብ ነው፤ በቀትር ቀዝቃዛ ሻወር የሚባል ቅንጦት ያስረሳል።)

ሰመራማ ሌላ ማዕረግ ነው። እዚያ በሐሩሩ ወራት ሌሊቱም ስለማይቀዘቅዝ ወፍራም ግድግዳ ብቻውን አያድንም፤ የሚያዋጣው ጥላና ነፋስ ነው። የአፋር የሰሌን ጎጆ ይህንኑ ያውቃል፤ ፀሐይን ይጋርዳል፣ ሙቀት አያጠራቅምም። ከጎኑ መስታወት ለብሶ የቆመው ፎቅ ግን ይህን የሚያውቀው መብራት ሲጠፋ ነው።

መብራት ሲጠፋ ድሬዳዋም ላይ የሚሆነውን እንናገር። ቪላው ፊቱን ስለጋረደው ኒሙን አስቆርጧል፣ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ አድርጓል። የዘበኛው ማረፊያ ግን ጥግ ላይ፣ ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ በመጣ የኒም ቅርንጫፍ ሥር፣ ከግንባታው በተረፈ አጠና ተሠርቷል። ግድግዳው ሰሌን ነው፤ በሁለት በኩል ክፍት። አርክቴክት አልነካውም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ባለቤቱ ፍራሹን ታቅፎ ይመጣና በትሕትና «ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይሉልኛል?» ይላል።