የአውሮፓ ሰዓት በዓመት ሁለቴ መዞሩ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በማርች የመጨረሻው እሁድ ሌሊት ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይዞራል። በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከማርች እስከ ኦክቶበር ያለው የበጋ ሰዓት፣ የቀረው የክረምት ሰዓት ይባላል። የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 ጉዳዩን አንስቶ፣ ይህ አሠራር በ2021 እንዲቆም በ410 ድምፅ ደግፏል፤ 192 ተቃውመዋል። የአባል አገሮቹ መንግሥታት ግን ስላልተስማሙ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሁለቱ ተከራካሪዎች ኑሯቸው እዚያው ነው። ዓመቱም ሰዓቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተጻፈው።

ይቁም፦ የምሠራው ጀርመን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ኦክቶበር ላይ ሰዓቱ ሌሊት 3 ሲል ተመልሶ 2 ይሆናል። ከ2 እስከ 3 ያለው ጊዜ ሁለት ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። የመጀመሪያው 2ኤ፣ ሁለተኛው 2ቢ ይባላል። አንድ ዓመት ለአንዲት እናት የሕመም ማስታገሻ ሰጥቼ መዝገቡ ላይ «2፡20» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉን ረሳሁት። የሚቀጥለው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የሚሰጣቸው። 2ኤ ከሆነ 7፡20፣ 2ቢ ከሆነ 8፡20። ጠዋት የተረከበችኝ ልጅ ስትደውል ስልኬን አጥፍቼ ተኝቻለሁ። ለጥንቃቄ ብላ እስከ 8፡20 አቆየችው። እኔ የሰጠሁት በ2ኤ ነበር። እናታችን አንድ ሰዓት ሙሉ በከንቱ ተሰቃዩ።

ማርች ደግሞ ይብሳል። እኔ እችለዋለሁ። የመርሳት ሕመም ላለባቸው ግን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ምንም አይነግራቸውም፤ ሰውነታቸው የሚያውቀው ረሃቡንና ብርሃኑን ነው። ቁርስ በአንድ ሰዓት ቀድሞ ሲመጣ አይነኩትም። ማታ ሳይጨልም ተኙ ሲባሉ ዓይናቸው ፈጦ ያድራል። ጤናማ ሰውም አያመልጥም፤ በ2008 የወጣ የስዊድን ጥናት በጸደዩ ለውጥ ማግስት ባሉት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ጀርመን በ1916 ሰዓቷን ያዞረችው በጦርነት መሀል ከሰል ለመቆጠብ ነው። ዛሬ የሚቆጠበው ኢምንት ነው። በ2018 ሕዝቡ አስተያየቱን ሲጠየቅ 4.6 ሚሊዮን ሰው መለሰ፤ 84 በመቶው ይቁም አለ። ምን ይጠበቃል?

ይቀጥል፦ እህቴ፣ የእናታችን ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን ከ4.6 ሚሊዮኑ ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህሉ ጀርመን የሚኖር ነው፤ ኅብረቱ ደግሞ ጀርመን ብቻ አይደለም። የቀረበውም ጥያቄ ግማሽ ነው። «ይቁም ወይ?» ሲባል አብዛኛው ሰው አዎ ይላል። «ቆሞስ የትኛው ሰዓት ላይ?» ሲባል ነው ስምምነቱ የሚፈርሰው።

ካርታውን እንየው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ አንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ነው። የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት የተለካው በ15 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ላለ ሰው ነው። ይህን አንድ ሰዓት ግን ከፖላንዷ ዋርሶ እስከ ስፔኗ ቪጎ ድረስ ይጋሩታል። በሁለቱ መካከል 30 ዲግሪ ያህል አለ፤ በፀሐይ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሁሌ የክረምት ሰዓት ይሁን ካልን፣ ጁን ላይ ዋርሶ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 3፡15 ገደማ ነው፤ ሁሉም ተኝቶ። ሁሌ የበጋ ይሁን ካልን፣ ጃንዋሪ ላይ ቪጎ ጠዋት 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚነጋው። ልጆቹ ትምህርት የሚጀምሩት በድቅድቅ ጨለማ ነው። ብሪታንያ ከ1968 እስከ 1971 ክረምት ከበጋ በበጋው ሰዓት ልቆይ ብላ ሞክራዋለች። በሰሜን ስኮትላንድ በክረምቱ ልብ ፀሐይ የምትወጣው 10 ሰዓት ገደማ ሆነ። ትታው ተመለሰች።

ይቁም፦ ቪጎ የተቸገረችው በሰዓት ቀጠናዋ ነው እንጂ ሰዓት ባለመዞሩ አይደለም። የግሪንዊች መስመር፣ ማለትም ዜሮ ዲግሪ ኬንትሮስ፣ ስፔን ውስጥ ያልፋል። አገሪቱ በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን፣ በ1940፣ ወደ መካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ገባች፤ እዚያው ቀረች። በዚህ ምክንያት በበጋ ቪጎ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 2፡40 ገደማ ነው። ጎረቤቷ ፖርቱጋል ወደ ፀሐይዋ በሚቀርብ ሰዓት ትኖራለች። ስፔንም ትመለስ። ያኔ የክረምቱ ሰዓት ለሁሉም ይበቃል። አይስላንድ ከ1968 ጀምሮ ሰዓቷን ነክታ አታውቅም።

ይቀጥል፦ ወደ ጸሎት ቤት የሚኬድበትን፣ ሱቅ የሚዘጋበትን፣ ሕዝብ ለ80 ዓመት የለመደውን ሰዓት በአንድ ሌሊት ተመለሱ ማለት ቀላል አይደለም። ደግሞ ፓርላማው ምርጫውን ለየአገሩ ነው የተወው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ዛሬ ያለውን ሥርዓት ልብ ይበሉልኝ። ለውጡ በመላው ኅብረት የሚደረገው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሌሊት 1 ላይ፣ በአንዲት ቅጽበት ነው። ማርች ላይ ሊዝበን 1 የነበረው 2 ሲሆን፣ በርሊን 2 የነበረው 3፣ ሄልሲንኪ 3 የነበረው 4 ይሆናል። በሦስቱ ቀጠናዎች መካከል ያለው ልዩነት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አይናጋም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1995 ፈረንሳይ የበጋ ሰዓቷን የምትጨርሰው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ብሪታንያ በኦክቶበር ነበር። በመሀል ላሉት ሳምንታት ፓሪስና ለንደን ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ይሆኑ ነበር። በ1996 ነው የተስተካከለው።

አየርላንድን ያስቡ። ኅብረቱ ቢያቆምና ከኅብረቱ የወጣችው ብሪታንያ ብትቀጥል፣ የአየርላንዷ ደብሊንና በብሪታንያ ሥር ያለችው ቤልፋስት በአንዲት ደሴት ላይ ግማሽ ዓመት በሁለት የተለያየ ሰዓት ይኖራሉ። ቆጵሮስ ላይ ደርሷል። ቱርክ በ2016 የበጋ ሰዓት ላይ ስትቀር በቱርክ ቆጵሮሳውያን የሚተዳደረው ሰሜኑ ተከተላት፤ ያን ክረምት የደሴቲቱ ደቡብና ሰሜን በአንድ ሰዓት ተለያዩ። በዓመቱ ሰሜኑ ተወው።

ይቁም፦ የአየርላንዱ ልክ ነው፤ ለንደንም አብራ ካልወሰነች አይሆንም። ይህን እቀበላለሁ። ግን የማይለወጥ ልዩነት ሰው ይለምደዋል። የፊንላንዷ ቶርኒዮና የስዊድኗ ሃፓራንዳ የተያያዙ ከተሞች ናቸው፤ ሁሌም አንድ ሰዓት ይለያያሉ። ሰዎቹ ድንበሩን ለሥራም ለገበያም ይሻገራሉ፤ አዲስ ዓመትንም ሁለት ጊዜ ይቀበላሉ። አልተቸገሩም፤ ልዩነቱን በልባቸው ያውቁታልና። እኔ የምንከባከባቸው ሰዎች ግን በዓመት ሁለቴ የሚነቃነቅ ነገር መልመድ አይችሉም። የሚመጣውም ኦክቶበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ኤና ቢ የሚጻፍበትን ዓምድ ከወዲሁ አስምሬያለሁ።